ከ«የላም በረት» እስከ «ዳቦ ተቆረሰ»፦ የሕያው ሚና ጨዋታ መግቢያና መውጫ

መግቢያ

ተረት ነጋሪ «ተረት ተረት» ሲል አድማጮቹ «የላም በረት» ብለው ይመልሳሉ። የዚህች አጭር ምልልስ ቁም ነገር የሚገኘው ከቃላቱ ፍቺ ይልቅ ቃላቱ በሚሠሩት ሥራ ላይ ነው። ከምልልሱ በኋላ ጅብ ቢናገር፣ ጦጣ ዳኛ ሆና ብትቀመጥ «ይህ ሐሰት ነው» ብሎ የሚሟገት አድማጭ የለም። ተረቱ ሲያልቅ ደግሞ ነጋሪው ተረቱ እንዲመለስለትና አፉ በዳቦ እንዲታበስ ይጠይቃል። ከዚያ ወዲያ ጅቡ ወደ ዱሩ፣ አድማጩም ወደ ዕለት ኑሮው ይመለሳል። ተረት በር አለው ማለት ነው፤ የሚገባበትም የሚወጣበትም ቃል የታወቀ ነው።

በምሥራቅ አዲስ አበባ፣ ከመገናኛ ወደ ኮተቤ በሚወስደው መንገድ ላይ የሚገኘው የላምበረት ሰፈር ስሙ ከዚህ የተረት መልስ ጋር አንድ ነው። ሰፈሩ ይበልጥ የሚታወቀው ወደ ደብረ ብርሃን፣ ወደ ደሴና ከዚያም ወዲያ ለሚጓዙ ሰዎች መነሻ በሆነው መናኸሪያው ነው። መናኸሪያም እንደ ተረት የመግቢያና የመውጫ ቦታ ነው፤ ሰው አንዱን ኑሮ ትቶ ወደ ሌላው የሚሸጋገርበት ነው።

ይህ ጽሑፍ ሕያው የሚና ጨዋታ የሚባለውን የጨዋታ ዓይነት ያብራራል። ጨዋታው ምን እንደሆነ፣ እንዴት እንደሚዘጋጅ፣ በኢትዮጵያ ካሉት የጨዋታና የሙግት ልማዶች ጋር በምን እንደሚቀራረብ፣ በዩኒቨርሲቲዎችና በትምህርት ቤቶች ደግሞ በምስለ ችሎት ውድድር መልክ እንዴት እንደሚታይ በቅደም ተከተል ያቀርባል። የጽሑፉ ዋና ነጥብ አንድ ነው፦ ሌላ ሰው ሆኖ መናገር ለተጫዋቹም ለተመልካቹም የሚጠቅመው መውጫው እንደ መግቢያው በጥንቃቄ ሲዘጋጅ ነው።

የጨዋታው ምንነትና አመጣጥ

ሕያው የሚና ጨዋታ ተጫዋቾች በተወሰነ ቦታና ጊዜ ውስጥ የምናብ ገጸ ባሕርያትን ሆነው የሚንቀሳቀሱበት፣ የሚነጋገሩበትና ውሳኔ የሚሰጡበት ጨዋታ ነው። ከቴአትር በሁለት ነገሮች ይለያል። አንደኛ፣ የተጻፈ ምልልስ የለውም፤ ተጫዋቹ የሚያውቀው ማን እንደሆነ፣ ምን እንደሚፈልግና ከማን ጋር ምን ግንኙነት እንዳለው ብቻ ነው። ሁለተኛ፣ ተመልካች የለውም። በአዳራሹ ያለ ሁሉ ተጫዋች ነው፤ ታሪኩን የሚያየውም የሚሠራውም እርሱ ራሱ ነው። ስለዚህ የጨዋታው መጨረሻ አስቀድሞ አይታወቅም።

የዛሬው መልኩ የተገኘው በ20ኛው ክፍለ ዘመን የመጨረሻ ሩብ ነው። እ.ኤ.አ. በ1974 አሜሪካ ውስጥ የታተመው «ዳንጀንስ ኤንድ ድራገንስ» ተጫዋቾች በጠረጴዛ ዙሪያ ተቀምጠው ገጸ ባሕርያቸውን በንግግርና በዳይ የሚያንቀሳቅሱበት ነበር። ከጥቂት ዓመታት በኋላ ተጫዋቾች ከጠረጴዛው ተነሥተው ልብስ ለብሰው፣ ጉዳት የማያደርስ የጦር መሣሪያ ይዘው ወደ ሜዳ ወጡ። እ.ኤ.አ. በ1982 በእንግሊዝ አገር በፔክፎርተን ግንብ የተጀመረው «ትረዠር ትራፕ» ከቀደምቶቹ አንዱ ነው። በሰሜን አውሮፓ ጨዋታው ከድራጎንና ከጠንቋይ ታሪክ ወጥቶ ስደትን፣ ሕመምን፣ የቤተሰብ ጠብንና የፖለቲካ ውጥረትን ወደሚመረምር ጥበብ አደገ። የኖርዌይ፣ የስዊድን፣ የዴንማርክና የፊንላንድ አዘጋጆች ከ1997 ጀምሮ በየተራ የሚያስተናግዱት ዓመታዊ ጉባኤ በኖርዌይኛ «ክኑተፑንክት» ይባላል። ቃሉ መንገዶች የሚገጣጠሙበትን ቦታ ያመለክታል፤ በአማርኛ «መገናኛ» ቢባል ያስኬዳል።

ሕያው የሚና ጨዋታ ብዙውን ጊዜ በሳምንት መጨረሻ ይካሄዳል። ዓርብ ማታ ተሳታፊዎች ይሰበሰባሉ፤ ገጸ ባሕርያቸውን ይቀበላሉ፤ ሕጉን ይማራሉ። ቅዳሜ ይጫወታሉ። እሑድ ደግሞ ልብሱን አውልቀው ስለ ሆነው ሁሉ ይነጋገራሉ። ለውጭ ተመልካች ጨዋታው የቅዳሜው ብቻ ይመስላል። ነገር ግን የዓርቡ መግቢያና የእሑዱ መውጫ ከጨዋታው አይነጠሉም።

አንድ ማሳያ፦ በመናኸሪያው የቀረች አንዲት ወንበር

የጨዋታው አሠራር በምሳሌ ይበልጥ ይብራራል። በላምበረት አካባቢ ባለ አንድ አዳራሽ ለሳምንት መጨረሻ የሚዘጋጅ ጨዋታ እንዳለ እናስብ። የጨዋታው ዓለም የላምበረት መናኸሪያ ነው፤ ሰዓቱ ንጋት 11 ሰዓት ነው። ወደ ደሴ የሚሄደው አውቶቡስ ሊነሣ ተቃርቧል፤ የቀረችው አንዲት ወንበር ብቻ ናት።

አዘጋጁ ለእያንዳንዱ ተጫዋች አንድ ወረቀት ይሰጣል። በአንደኛው ወረቀት ላይ ለእናቷ ቀብር ለመድረስ የምትጣደፍ ሴት አለች፤ ከወንድሟ ጋር በውርስ ተጣልታ ስድስት ዓመት እንዳልተነጋገረች የምታውቀው እርሷ ብቻ ናት። በሁለተኛው ላይ የዩኒቨርሲቲ ምዝገባ ሊያመልጠው የደረሰ ወጣት አለ፤ የትኬት ገንዘቡን ትናንት ማታ ጥሎታል፤ ይህንንም ለማንም አልተናገረም። ሦስተኛው ሦስት ጆንያ ዕቃ የያዘ ነጋዴ ነው። አራተኛው ተራ አስከባሪው ነው፤ ከነጋዴው ገንዘብ ተበድሯል። አምስተኛዋ ቆሎ ሻጭ ናት፤ ማን ቀድሞ እንደመጣ በዓይኗ ያየች ብቸኛ ምስክር እርሷ ናት። ረዳቱና ሹፌሩም የየራሳቸው ወረቀት አላቸው።

ከዚህ በኋላ አዘጋጁ ምንም አይናገርም። ተጫዋቾቹ ይለምናሉ፣ ይከራከራሉ፣ ይሸመግላሉ፣ ይዋሻሉ፣ ይታረቃሉ። ወንበሯን የሚያገኘው ማን እንደሆነ የሚወስነው በመካከላቸው የሚሆነው ነገር ነው።

በዚህ ምሳሌ ውስጥ ሦስት መሠረታዊ ነገሮች ይታያሉ። የመጀመሪያው ፍላጎት ነው፤ የሚፈልገው ነገር የሌለው ገጸ ባሕርይ ቆሞ ከማየት በቀር ሥራ የለውም። ሁለተኛው ምስጢር ነው፤ ምስጢር ተጫዋቹ የሚናገረውንና የሚደብቀውን እንዲመርጥ ያስገድደዋል። ሦስተኛው የግንኙነት ክር ነው፤ ብድር፣ ዝምድና፣ ቂምና ውለታ ገጸ ባሕርያቱን እርስ በርስ ያስተሳስራሉ። ዕድሜውን ሙሉ ተራ ሲጠብቅ የኖረ ሰው ተራ አስከባሪውን ሆኖ ሲጫወት፣ ልመና የሚሰማ ጆሮ ምን ያህል እንደሚደክምና ብድር ያለበት ዳኛ እንዴት እንደሚፈርድ በራሱ አንደበት ይማራል። ይህን ዓይነቱን ዕውቀት ከንግግርና ከመጽሐፍ ማግኘት ቀላል አይደለም።

መግቢያው፦ ከእቃቃ እስከ ገና

የደቹ የታሪክ ምሁር ዮሐን ሁይዚንጋ እ.ኤ.አ. በ1938 ባሳተመው ስለ ጨዋታ የተጻፈ መጽሐፉ፣ ጨዋታ ከተራው ኑሮ በቦታና በጊዜ ተከልሎ የሚካሄድ፣ በክልሉ ውስጥም የራሱ ሥርዓት ያለው ተግባር እንደሆነ ያስረዳል። ከእነዚህ ክልሎች መካከል የፍርድ ቤት አደባባይን ይቆጥራል፤ ለጨዋታና ለሕግ ግንኙነትም ራሱን የቻለ ምዕራፍ ሰጥቷል።

በኢትዮጵያ ይህን ክልል ሕፃናት ሳይቀሩ ያውቁታል። በእቃቃ ጨዋታ አፈር ዱቄት፣ ቅጠል ገንዘብ፣ ቆርኪ ድስት ይሆናል። አንዷ እናት፣ አንዱ አባት፣ ሌላዋ እንግዳ ሆና ትመጣለች። «እናት» የሆነችው ልጅ በቤቷ የሰማችውን ቁጣና ምክር በሌላ ሰው ቃና ትደግማለች። ማንም ልጅ ግን አፈሩን እንጀራ ብሎ አይውጠውም። በእንቆቅልሽም ሚና አለ። መልሱን ያጣ ተጫዋች አገር እንዲሰጥ ይጠየቃል፤ ጎንደርን ወይም ጎጃምን «ይሰጣል»፤ አሸናፊውም ለአፍታ የዚያ አገር ገዢ ሆኖ በተሰጠው አገር የበላውንና የጠጣውን እየተረከ ተሸናፊውን ያዋርዳል። ስድቡ ከጨዋታው ውጭ ቢነገር ጠብ በሆነ ነበር፤ በጨዋታው ውስጥ ግን ሳቅ ይሆናል።

በትልልቆች ዘንድም ሁኔታው ተመሳሳይ ነው። በጉግስ ፈረሰኞች ጋሻ ይዘው፣ ስለት የሌለው ዘንግ እየወረወሩ የጦር ሜዳን ይመስላሉ። በገና ጨዋታ ጌታ እንኳ አይቆጣም የሚለው የቆየ አባባል፣ ማዕርግ ለአንድ ቀን ከሜዳው ውጭ እንዲቆይ ሕግ ያወጣል። ባላባቱ በገበሬው ዱላ ቢነካ ነገሩን እንደ ድፍረት ቆጥሮ ክስ አያነሣም። በማግስቱ ግን ማዕርጉ እንደነበረ ይቀጥላል። ጨዋታው የተቻለው ሁሉም የሜዳውን ዳርቻ ስለሚያውቅ ነው።

ፈረሱና ፈረሰኛው፦ ገጸ ባሕርይ በተጫዋቹ ላይ ሲበረታ

ዳርቻው ሁልጊዜ ጸንቶ አይቆይም። ተጫዋቹ በገጸ ባሕርዩ የተሰማው ንዴት ወይም ኀዘን ጨዋታው ካለቀ በኋላ አብሮት ወደ ቤት ሊሄድ ይችላል። እንዲሁም በእውነተኛው ሕይወት ያለ ቂም በገጸ ባሕርዩ አፍ ሊናገር ይችላል። በዘርፉ የሚጽፉ ሰዎች ይህን ሁኔታ ከፈሳሽ ጋር ያመሳስሉታል፤ በአማርኛ «ስርገት» ብንለው ሐሳቡን ይገልጸዋል። ስርገት በራሱ ጥፋት አይደለም፤ ጨዋታው ልብ የሚነካው በእርሱ ምክንያት ነው። ጉዳት የሚያመጣው ተጫዋቹ ሳያውቀው ሲሆን ወይም ሊያቆመው ሳይችል ሲቀር ነው።

ይህን ነጥብ ለመረዳት በጎንደር የተደረገ አንድ የታወቀ ጥናት ይጠቅማል። ፈረንሳዊው ጸሐፊና የባህል ተመራማሪ ሚሼል ሌሪስ ከዳካር እስከ ጅቡቲ ከተጓዘው የ1931–1933 የጥናት ቡድን ጋር መጥቶ፣ እ.ኤ.አ. በ1932 ጎንደር ላይ በመልካም አያሁ ዙሪያ ይሰበሰቡ የነበሩትን የዛር ታማሚዎች ለወራት ተከታትሏል። በ1958 ባሳተመው መጽሐፉም ይህን ልማድ ከቴአትር አንጻር መረመረው። እንደ እርሱ አገላለጽ ዛሮቹ ሰው እንደ ሁኔታው የሚለብሳቸውና የሚያወልቃቸው የማንነት ልብሶች ማኖሪያ ይመስላሉ። እያንዳንዱ ዛር የራሱ ስም፣ ጠባይ፣ ማዕርግና የሚወደው ነገር አለው። ሌሪስን ያስጨነቀው ጥያቄ ግን ድርጊቱ የሚጫወቱት ቴአትር ነው ወይስ የሚኖሩት የሚለው ነበር፤ በሁለቱ መካከል ያለው ድንበር በቀላሉ የሚሰመር ሆኖ አላገኘውም።

ዛርን ከሚና ጨዋታ ጋር አንድ ማድረግ ስሕተት ነው። ዛር ለሚያምኑበት ሰዎች የሕመምና የፈውስ፣ የፍርሃትና የእምነት ጉዳይ ነው እንጂ ጨዋታ አይደለም። ሆኖም ልማዱ ያቆየው አንድ ቃል ልዩነቱን አጥርቶ ያሳያል፦ ዛር የያዘው ሰው የዛሩ «ፈረስ» ይባላል። በዚያ ሥርዓት የሚጋልበው ገጸ ባሕርዩ ነው። በሚና ጨዋታ ደግሞ ልጓሙ በተጫዋቹ እጅ መሆን አለበት። ፈረሰኛው ፈረሱን እንደልቡ ሊያስሮጠው ይችላል፤ ማቆም ሲፈልግ ግን ማቆም ይኖርበታል።

ለዚህ ሲባል አዘጋጆች የማቆሚያ ቃላትን ይደነግጋሉ። በሰሜን አውሮፓ ሁለት ቃላት የተለመዱ ናቸው። አንደኛው ጨዋታውን ፈጽሞ ያቆማል። ሁለተኛው «ፍሬን» እንደማለት ነው፤ ጨዋታው እንዲቀጥል ግን እንዲለዝብ ይጠይቃል። የኢትዮጵያ ልማድ ከዚህ ጋር የሚነጻጸር ቃል ከጥንት ጀምሮ አለው። በጠብ መካከል «በሕግ አምላክ» የተባለ ሰው እጁን እንዲሰበስብ፣ ባለበት እንዲቆም ይጠበቅበት ነበር። የቃሉ ኀይል የተናጋሪው ጉልበት ወይም ማዕርግ ሳይሆን ማኅበረሰቡ ለቃሉ የሰጠው ስምምነት ነው። የጨዋታ ማቆሚያ ቃልም በዚሁ መንገድ ይሠራል፤ ማንም ቢናገረው፣ ምክንያቱን ባያስረዳም ይከበራል።

ምስለ ችሎት፦ ያልመረጡትን ወገን መወከል

በኢትዮጵያ ዩኒቨርሲቲዎች ከሕያው የሚና ጨዋታ ጋር እጅግ የሚቀራረበው ተግባር የምስለ ችሎት ውድድር ነው። ተማሪዎች ለጥቂት ቀናት ከየተቋማቸው ይሰበሰባሉ። የምናብ አገር፣ የምናብ ባለጉዳይና የምናብ ክርክር የያዘ ጽሑፍ ይሰጣቸዋል። ካባ ለብሰው «የተከበረው ፍርድ ቤት» እያሉ በዳኞች ፊት ይቆማሉ። በዳኝነት የሚቀመጡት አብዛኛውን ጊዜ የሕግ መምህራንና ባለሙያዎች ናቸው። እ.ኤ.አ. በ1960 የተጀመረው የጄሰፕ ዓለም አቀፍ ውድድርና በደቡብ አፍሪካ የፕሪቶሪያ ዩኒቨርሲቲ የሰብአዊ መብቶች ማዕከል ከ1992 ጀምሮ የሚያስተባብረው የአፍሪካ ውድድር የዚህ ዘርፍ ታዋቂዎች ናቸው። በቅርብ ዓመታትም የኢትዮጵያ ሰብአዊ መብቶች ኮሚሽን ለሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ተማሪዎች አገር አቀፍ ውድድር በማዘጋጀት ልምዱን ወደ ታዳጊዎች አውርዶታል።

የእነዚህ ውድድሮች ዋነኛ ባሕርይ ተማሪው ለሁለቱም ወገን እንዲዘጋጅ መገደዱ ነው። ጠዋት በአመልካቹ ስም መንግሥትን የከሰሰች ተማሪ ከሰዓት በኋላ መንግሥትን ወክላ ትቆማለች። ጠዋት ያፈረሰችውን ክርክር ከሰዓት በኋላ ራሷ ትገነባዋለች። በዚህ ጊዜ የምትማረው የሕግ አንቀጽ ብቻ አይደለም። የማትስማማበት ሰው ሐሳብ ከውስጥ ሲታይ ምን መልክ እንዳለው፣ የትኛው ክፍል ከንቱ፣ የትኛው ደግሞ በቀላሉ የማይመለስ እንደሆነ ትረዳለች።

ለኢትዮጵያ ይህ እንግዳ ጥበብ አይደለም። በላ ልበልሃ በሚባለው የጥንቱ የሙግት ሥርዓት ተሟጋቾች በአደባባይ ቆመው፣ በዘንግና በእጅ ምልክት ታጅበው፣ በተመረጠ ቃል ይፋለሙ ነበር። ክርክሩን የሚያውቁት ባለጉዳዮቹና ዳኛው ብቻ አልነበሩም፤ ሕዝቡም ቆሞ የአንደበት ብልጫን ይመዝን ነበር። ተሟጋቾች ማር፣ ፈረስ ወይም በቅሎ እስከ መወራረድ ይደርሱ ነበር፤ ዛሬ ክርክር ሲበዛ የሚነገረው «እሰጥ አገባ» ከዚህ የውርርድ ልማድ ጋር የተሳሰረ ነው። ራሱ መሟገት የማይችል ሰው ደግሞ ነገረ ፈጅ ያቆም ነበር። ነገረ ፈጁ የሌላውን ነገር እንደ ራሱ አድርጎ ይናገራል። የሰውን ጉዳይ በአፉ ተሸክሞ፣ ጉዳዩ ሲያበቃ ወደ ራሱ ቤት ይሄዳል።

ጨዋታው ከመዝናኛነት አልፎ ቁም ነገር የሚሆነው እዚህ ላይ ነው። ሚናውን ከሰውየው መለየት ያልለመደ ማኅበረሰብ ተከላካይ ጠበቃን ከተከሳሹ ጋር አብሮ ይኰንናል። በፊልም ክፉ ሰው ሆኖ የተጫወተን ተዋናይ በመንገድ ላይ ይገላምጣል። በምስለ ችሎት መንግሥትን የወከለችውን ተማሪ በመኝታ ቤቷ «የመንግሥት ጠበቃ» እያለ ያሾፍባታል፤ ሹፈቱም እየዋለ እያደረ ጥርጣሬ ይሆናል። ተማሪዋ በሚቀጥለው ጊዜ የምትወክለውን ወገን ስትሰማ የምትጨነቀው ስለ ክርክሩ ሳይሆን ስለ ስሟ ነው። እንዲህ ሲሆን ሌላውን ወገን ወክሎ መናገር አደገኛ ይሆናል፤ አደገኛ የሆነን ነገር ደግሞ የሚሞክረው ጥቂት ሰው ነው። ሰው ሁሉ የራሱን ወገን ብቻ በሚናገርበት ቦታ የሌላውን ሐሳብ የሚያውቀው ከጠላቱ አፍ ብቻ ይሆናል።

መውጫው፦ ዳቦ መቁረስ

መፍትሔው ሚና መጫወትን መተው አይደለም፤ መውጫውን መሥራት ነው። ሥነ ድራማን ለሕክምና በማዋል የሚታወቀው ያኮብ ሞሬኖ ሥራውን በሦስት ደረጃ ከፍሎታል፦ ማሟሟቂያ፣ ድርጊትና መካፈል። በሦስተኛው ደረጃ የቡድኑ አባላት ዋናውን ባለ ታሪክ አይተቹም፤ በእርሱ ድርጊት ውስጥ ከራሳቸው ሕይወት ያዩትን ያካፍላሉ። በዚህም ብቻውን በመድረክ ላይ ቆሞ የነበረው ሰው ወደ ሰዎች መካከል ይመለሳል።

የሕያው ሚና ጨዋታ አዘጋጆችም ተመሳሳይ ሥርዓት ይከተላሉ። መጀመሪያ ተጫዋቹ የገጸ ባሕርዩን መለያ ያወልቃል፤ ነጠላም ይሁን ባርኔጣ ወይም በደረቱ ላይ የተለጠፈ ስም በግልጽ ቦታ ይቀመጣል። ቀጥሎ እያንዳንዱ በራሱ ስም ይጠራል። ከዚያ ተጫዋቹ ስለ ገጸ ባሕርዩ በሦስተኛ መደብ ይናገራል፤ «ዋሸሁ» በማለት ፈንታ «ተራ አስከባሪው ዋሸ» ይላል። ይህ ትንሽ የሚመስል የሰዋስው ለውጥ በሰውየውና በሚናው መካከል ያለውን ድንበር እንደገና ያሰምራል። በመጨረሻ በጨዋታው የተጣሉ ሰዎች ጎን ለጎን ተቀምጠው ይነጋገራሉ።

ወደ መናኸሪያው ምሳሌ ብንመለስ፣ እናቷን ለመቅበር የምትጣደፈውን ሴት ከወንበሯ ያስቀራት ተጫዋች ይህን ሥርዓት ሳይፈጽም ወደ ቤቱ ቢሄድ፣ ሁለቱ በሚቀጥለው ሳምንት ሲገናኙ ሰላምታቸው ሊቀዘቅዝ ይችላል። ተጫዋቿ በቅርቡ በእውነት እናቷን አጥታ ቢሆን ደግሞ ጉዳቱ ይከፋል። ስለዚህ ጠንቃቃ አዘጋጅ ወረቀቱን ከማደሉ በፊት «ልትጫወቱት የማትፈልጉት ነገር አለ?» ብሎ ይጠይቃል፤ ምክንያቱን ግን አይጠይቅም።

ይህ አሠራር ለምስለ ችሎትና በክፍል ውስጥ ለሚሰጥ የሚና ልምምድም ይሠራል። ከላምበረት ብዙም በማይርቀው ኮተቤ የሚሠለጥኑትን ጨምሮ መምህራን የሚና ጨዋታን እንደ አንድ የማስተማሪያ ዘዴ ይማራሉ። ዘዴው በክፍል ሲተገበር ግን ደወል ሲደወል በድንገት መቋረጡ የተለመደ ነው። ሌባ የሆነው ተማሪ «ሌባ» እንደተባለ ወደ ዕረፍት ይወጣል፤ ስሙም አብሮት ሊከርም ይችላል። ከ40 ደቂቃው ክፍለ ጊዜ አሥሩን ለመውጫው መመደብ ይህን ለመከላከል በቂ ነው። በምስለ ችሎትም አዘጋጆች ከውጤቱ በኋላ ተፋላሚዎቹ ካባቸውን አውልቀው፣ እያንዳንዳቸው ከተቃራኒው ክርክር ያሳመናቸውን አንድ ነጥብ እንዲናገሩ ቢያደርጉ፣ ውድድሩ በዋንጫ ብቻ አይዘጋም።

የአገሩ ልማድ ለዚህም ቃል አለው። ልጆች ጨዋታቸውን ሲያበቁ «ጨዋታ ፈረሰ፣ ዳቦ ተቆረሰ» ይላሉ። ቃሉ ሲነገር አባት የነበረው ወንድም፣ እንግዳ የነበረችው የጎረቤት ልጅ ትሆናለች። ተረት ነጋሪው በመጨረሻ የሚጠይቀውም ዳቦ ነው። በሁለቱም የመውጫ ቃላት ውስጥ ዳቦ መገኘቱ ልብ ሊባል ይገባል። ዳቦ በምናብ አይበላም፤ የእቃቃው አፈር እንጀራ ሆኖ ሊቀርብ ይችላል፤ የሚያጠግበው ግን ከእውነተኛው ሌማት የተቆረሰው ነው። አብሮ የበላ ሰው ደግሞ ገጸ ባሕርይ ሳይሆን ባልንጀራ ነው። 

ማጠቃለያ

ሕያው የሚና ጨዋታ ሰው ለተወሰነ ጊዜ ሌላ ሰው ሆኖ እንዲያስብ፣ እንዲናገርና እንዲወስን የሚያስችል ሥርዓት ነው። መሠረቶቹ ፍላጎት፣ ምስጢርና ግንኙነት ናቸው፤ ጠባቂዎቹ ደግሞ የመግቢያ ስምምነት፣ የማቆሚያ ቃልና የመውጫ ሥርዓት ናቸው። በኢትዮጵያ እቃቃ፣ እንቆቅልሽ፣ ገና፣ ጉግስና በላ ልበልሃ የዚህን ሥርዓት ክፍሎች በየፊናቸው ሲጠብቁ ኖረዋል። የምስለ ችሎት ውድድርም ዘመናዊ መልኩን በትምህርት ተቋማት ውስጥ አስፍሯል።

በአሁኑ አሠራር ብዙ ድካም የሚፈስሰው በመግቢያው ላይ ነው፤ ጉዳዩ በጥንቃቄ ይጻፋል፣ ካባው ይሰፋል፣ ዳኞች ይጋበዛሉ። መውጫው ግን በአብዛኛው ለጭብጨባና ለፎቶግራፍ ይተዋል። ያልመረጡትን ወገን ወክሎ መናገር ለአንድ ተማሪ ትልቅ ድፍረት የሚጠይቅ ትምህርት ነው። ያ ድፍረት የሚደገመው ተማሪው ከሚናው ወጥቶ በራሱ ስም እንደሚጠራ እርግጠኛ ሲሆን ነው። «የላም በረት» ብሎ ያስገባ ሁሉ ዳቦውን ቆርሶ የማስወጣት ግዴታ አለበት።